የጣሪያው ውሻ

«ውሻውን ነካክታው ነው እንጂ በደህና ቀንማ አይነክሳትም» አለች አክስቴ ብሪሂዳ። እኔ እንዳልሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን ከኩሽናው የሚለየኝ አንድ መጋረጃ ነው፣ መጋረጃ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ጎረቤታችን ዶኛ ቴኦ ሦስቱን በአንድ ሶል ሳንቲም የገዛችውን ዳቦ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች» አለች። «ሰባት ዓመቷ እኮ ነው! እኔ በሰባት ዓመቴ ወንድሞቼን አዝል ነበር» አለች አክስቴ። «ደግሞ አደራ፣ ለእሜቴ አስተማሪ እንዳትነግሪብኝ። ከሰማች ያቺን ሰደርያዋን ለብሳ ጤና ጣቢያውን ሁሉ ትጎትትብኛለች።»

እሜቴ አስተማሪ እኔ ነኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ዶኛ ቴኦ ቤቷ ላይ የጣደችው ነገር ትዝ አላትና ሄደች። የአክስቴ ልጅ ሉዝሜሪ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ዳቦ ትበላለች። ቀኝ ክንዷ በአሮጌ የትራስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ጋደም ብሏል፣ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የሰጧት ይመስል። መቼ ነው አልኩ። ትናንት አለች አክስቴ። ትናንት ስንት ሰዓት አልኩ። «ምን፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ? ወደ አሥር ሰዓት ነው። አንቺ ገበያ ነበርሽ። ስትመጪ ተኝታ ነበር። አለቀ።» ይሄን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። አክስቴ ሰው ፊት አይታ የምትዋሽ ሴት አይደለችም፤ መዋሸት ሲመጣባት ድስት ታማስላለች።

ጨርቁን ስፈታው የታየኝ ቁስል ሳይሆን ጥቁር ጭቃ ነው። የውሻውን ፀጉር ከጠፍጣፋው ጣሪያችን ወለል ለቅመው፣ አቃጥለው፣ አመዱን በዘይት ለውሰው ደፍነውበታል። የነከሰሽን ውሻ ፀጉር አቃጥለሽ ቁስሉ ላይ ማድረግ እኛ ሰፈር ከማንኛውም ኪኒን በፊት የሚመጣ መድኃኒት ነው። ለእኔም በአምስት ዓመቴ ባቴ ላይ ተደርጎልኛል። አልሞትኩም፤ አለመሞቴም እስከ ዛሬ የአክስቴ ማስረጃ ነው። ልጅቷን ጓሮ አወጣኋት፣ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳሁ በልብስ ሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ ይላል ጤና ጣቢያው የሰጠኝ ወረቀት። ሰዓት ስለሌለኝ በጎረቤት ሬዲዮ ለካሁት፤ አራት ዘፈንና አንድ የሲሚንቶ ማስታወቂያ። አመዱ ሲለቅ አራት ቀዳዳ ታየ፣ ሁለቱ ጠለቅ ያሉ፣ ጠርዛቸው ያበጠ። አክስቴ ከበሩ ሆና «ውሃውን ጨረሽው፤ ቦቴው የሚመጣው ሰኞ ነው» አለች። ከዚያ በላይ ግን አልከለከለችኝም።

«እንዴት አድርጎ ነው የነከሰሽ?» አልኳት ሉዝሜሪን።

«እማዬ ልብስ አውርጂ አለችኝ። ወጣሁ። ካፒታን ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ተነሳ። ከዚያ መጣ።»

«አንቺስ?»

ፊቷ በራ። «እንደ ፖል ቆምኩ! አልሮጥኩም። ዓይኑንም አላየሁትም። እጄን እንዲህ አጣምሬ መሬት መሬት አየሁ።» በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ አሳየችኝ።

«ሲነክስሽስ?»

«ያኔም አልጮህኩም» አለች። «እስኪለቀኝ ቆምኩ። እማዬ እንኳ አልሰማችም፣ ደሙን ነው ያየችው። ልክ ነኝ አይደል፣ ኔሊ?»

ልክ ነሽ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤታቸው ግቢ ውስጥ አርባ ሁለት ልጆች አሰልፌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ትምህርት የጨረስኩ ሰው አይደለሁም። ገበያው በር ላይ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ የማውቀውን ያወቅኩት ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ያመጣውን ወረቀት ማሽኑ ሲሞቅ እያነበብኩ ነው፤ ውል፣ የፍርድ ቤት ክስ፣ የነርሶች መማሪያ። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ስለ ውሻ ልጆችን የሚያስተምር ፈቃደኛ ሲፈልግ ሰደርያዋን ከእኔ የሚቀማ አልተገኘም። ጥሩ አስተማርኩ። የመንገድ ውሻ እየሮጠ ከመጣ ፖል ሁኑ፣ አሽትቷችሁ ይሄዳል። ከጣላችሁ ድንጋይ ሁኑ፣ ጆሯችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ። የሚበላ ውሻ፣ የተኛ ውሻ፣ የወለደች ውሻ አትንኩ። አንዷ እጇን አውጥታ «የጣሪያውስ?» አለችኝ። የጣሪያ ውሻ አይወርድም አልኩና አለፍኩ። ሁሉም ሳቁ። ያለፍኩት መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ከእነዚያ አርባ ሁለት ልጆች የግማሾቹ ቤት ጣሪያ ላይ ውሻ አለ፣ መሬት ረግጦ የማያውቅ፣ ሰው ከመሰላሉ ብቅ ሲል ሌባ የሚመስለው። ልጅ ለብቻው እዚያ አይውጣ፣ ውሻም እዚያ አይኑር ብል መጀመሪያ የሚጠየቀው የእኛ ቤት ነው፤ የእኛን ካፒታን ደግሞ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል።

ካፒታን የአያቴ የአባባ ኢላሪዮ ውሻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አጎቴ ሳቱርኒኖ ወርቅ ማዕድን ሊሠራ ሲሄድ ከጃኬቱ ውስጥ አውጥቶ «እስክመለስ ያዙልኝ» ብሎ ሰጥቷቸው ሄደ። አልተመለሰም። ቡችላውን ጣሪያ ላይ አወጡት፣ ብረትና ጡብ እንዲጠብቅ፣ ለሁለተኛው ፎቅ ተብሎ የተቀመጠ፣ ሁለተኛው ፎቅ ሳይሠራ የዛገ ብረት። አባባ ዳሌያቸውን ከተሰበሩ ወዲህ መሰላል አይወጡም። ምግቡን በባልዲ በገመድ አክስቴ ትስብለታለች፤ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ መጥረጊያ ይዛ ነው። በሐምሌ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘመቻ ሲደረግ ሰው ሁሉ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ጥግ ላይ ወዳቆምነው ጠረጴዛ አመጣ፤ መቶ አርባ ውሻ አስከተብኩ። ካፒታን ገመድ አያውቅም፣ ከታቢዎቹም ጣሪያ አይወጡም። የፈቃደኛዋ ቤት በር ግን ባዶ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የተከተበ ውሻ ላለበት ቤት የምትሰጠውን ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት በራችን ላይ ለጠፍኩ፤ መዝገቡ ላይም ስሙን ጻፍኩ፣ «ተከትቧል» አልኩ፣ ፈረምኩ። በነሐሴ የከተማው በዓል ርችት ሲተኮስ ካፒታን ከጣሪያው ዘሎ ጠፋ፣ በሁለተኛው ቀን ጆሮው ተቀዶ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከውሾች መንጋ ጋር ተገኘና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ያን ዕለት ማንም አልተጨነቀም። በሩ ላይ ወረቀት አለ እኮ።

ጤና ጣቢያ ለመሄድ አክስቴ ብዙ አልተከራከረችም፤ ያለ ወትሮዋ የልጅቷን ፀጉር ሠርታ፣ የእሑድ ሹራቧን አልብሳ አዘጋጀቻት። በሚኒባሱ በሰው አንድ ሶል ከፍለን ወረድን። በቀኝ በኩል ተራራው ሚስቲ ያለ ደመና ቆሟል፣ ከታች ከተማዋ አሬኪፓ እንደ ነጭ ድንጋይ ክምር ትታያለች። ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። ሉዝሜሪ በየመንገዱ ያሉትን ውሾች እየቆጠረች «ይሄኛው ተኝቷል፣ አይነካም» ትላለች በሹክሹክታ። ተማሪዬ ናት።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ሰልፍ አለ፣ ቅዳሜ ስለሆነ የሚከፈተው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከሰልፈኞቹ ግማሾቹ ያስተማርኳቸው ልጆች እናቶች ናቸው። «ኔሊዳ፣ ልጄ ትናንት ቤት ውስጥ ፖል ሆኛለሁ፣ አልታጠብም አለኝ፣ ምን አስተማርሽብኝ!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ነርስ ኦፌሊያ ስታየኝ ከወንበሯ ተነስታ «መጣች የኔ ጀግና!» አለች። ቁስሉን አየች፣ መታጠቡን ስታይ ትከሻዬን መታ አደረገች፣ ከዚያ መዝገቡን ገለጠች። ጣቷ ወረደ፣ ቆመ። «ካፒታን። ተከትቧል። ፊርማውም ያንቺ ነው» አለችና እፎይ አለች። «እንግዲያው ጥሩ ነው፣ ብሪሂዳ። የታወቀ ውሻ፣ የተከተበ ውሻ፣ ቤት ያለ ውሻ። ቁስሉን እያጠባችሁ ዐሥር ቀን ውሻውን ተመልከቱት። ልጅቷን አሁን መውጋት አያስፈልግም።»

«አላልኳችሁም!» አለች አክስቴ፣ ለመላው በረንዳ። «ልጄን በከንቱ አስጨነቀቻት።» ሹራቧን ታስተካክልላት ጀመር። ሉዝሜሪ መርፌ እንደሌለ ሲገባት እጄን ለቃ ወደ በሩ ሄደች።

መውጣት እችል ነበር። ይሄን መካድ አልፈልግም። ውሻው ደህና ይሆናል፣ ዐሥር ቀን ያልፋል፣ ማንም አያውቅም ብዬ አስቤአለሁ፣ እግሬም አንድ እርምጃ ሄዷል። ከዚያ ሉዝሜሪ በሩ ላይ ተኝቶ የነበረውን የጤና ጣቢያውን አሮጌ ውሻ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ የታመመ እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች፣ መሬት መሬት አየች። የነገርኳትን ሁሉ አምና ነበር።

«አልተከተበም» አልኩ።

ነርስ ኦፌሊያ አልገባትም። «ማን?»

«ካፒታን። ከጣሪያ አልወረደም። መዝገቡን ዝም ብዬ ነው የሞላሁት። ወረቀቱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በነሐሴ ደግሞ ሁለት ቀን ከመንገድ ውሾች ጋር አድሯል።»

እኔ በዚህች ምላሴ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አንድ በአንድ ነክቻለሁ፤ ውሻዋን ያላስከተበችውን፣ ቆሻሻዋን ደጅ የደፋችውን፣ ፊደል ያልቆጠረችውን። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልጮኸም። አንዲት ሴት ብቻ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ነርሷ መዝገቡን ዘጋች። «ሰደርያውን አውልቂ» አለችኝ፣ ድምጿ የቁጣ ሳይሆን የደከመ ሰው ነው። አወለቅኩ፣ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አክስቴ አላየችኝም። ልጇን አቅፋ ወደ መርፌው ክፍል ገባች፤ ከውስጥ የሉዝሜሪ ድምፅ አልተሰማም።

ስንወጣ ነርሷ ለአክስቴ ነበር የምታስረዳው፣ እኔ ግንብ የሆንኩ ይመስል። ውሻውን አትግደሉ፣ አትልቀቁ፣ ዐሥር ቀን በሕይወት እናየዋለን። ውሃ እንቢ ካለ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ ድምፁ ከተለወጠ ግን፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢታይ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሩጡ፤ ክትባቱ ብቻውን አይበቃም፣ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሴረም አለ፣ እሱ ያለው እዚያ ነው። «በዚያው ሰዓት፣ ብሪሂዳ። ነገ አይደለም።» ስለ ፀጉሩ አመድ ምንም አላለችም። እሷም የዚህ አገር ልጅ ናት።

ቤት ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አክስቴ ወደ ኩሽና ገባች፤ በእኛ ከተማ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሾርባ አለው፣ የቅዳሜውን ልታሞቅ ነው። አባባ ኢላሪዮ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የሚሄዱበት ያላቸው ይመስል። ክፍላቸው የመጨረሻዋ ናት፤ መስኮቷ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚከፈተው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ጡብ ነው። «ተወጋች?» አሉኝ። ተወግታለች አልኩ። «አለቀሰች?» አላለቀሰችም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መጠየቅ የፈሩትን ጠየቁ፤ «እሱንስ ምን አሉ?»

«ዐሥር ቀን ማንም አይነካውም አባባ። በሕይወት ነው የሚፈልጉት።»

ፊታቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ነገር አየሁ፣ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። «አይገድሉትም?» አሉ። አይገድሉትም አልኩ፣ ከዚያ ነርሷ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ ውሃውን፣ መንጋጋውን፣ ድምፁን። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዓይናቸው ወደ ኮርኒሱ ሄደ። ከላይ፣ ከአልጋቸው ትክክል፣ የካፒታን ጥፍር ሲሚንቶውን እየቧጠጠ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ አባባ ከውሻው ያላቸው ይሄ ብቻ ነው፤ ሲተኛ ያውቃሉ፣ ሲያሳክከው ያውቃሉ፣ የትኛው ጎረቤት ሲያልፍ እንደሚጮህ ያውቃሉ።

«ማክሰኞ» አሉ።

«ምን ማክሰኞ?»

«የቻይሮ ሾርባው ቀን። ሾርባውን ስበላ ነው የሰማሁት። መጮህ ሲጀምር ድምፁ ይሰበርበታል። ጉሮሮው ውስጥ ጨርቅ ያለ ይመስላል። የሌላ ውሻ ድምፅ ነው፣ የእሱ አይደለም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ይገድሉታል ብዬ።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ሳቱርኒኖ ሲመጣ ምን እለዋለሁ ብዬ። ይሻለዋል ብዬ።» በጣታቸው ወደ መሰላሉ በኩል ጠቆሙ። «ትናንት ብሪሂዳ ልብስ አውርጂ ስትላት ሰምቻለሁ። እዚሁ ተቀምጬ። መሰላሉን ስትወጣ እግሯን ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ደረጃ ነው። አንቺ ልጅ ተይ ማለት ነበረብኝ። አፌን አልከፈትኩም።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ቃል አይጠፋኝም ነበር፤ ለእሳቸው የሚሆነውን ቃል ግን ጠዋት ለራሴ ጨርሼዋለሁ። ዞር ስል አክስቴ በሩ ላይ ናት፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ሾርባው አልፈሰሰም። ሳህኑን እንደ ወትሮው ከአባቷ ጎን ያለችው ሳጥን ላይ አስቀመጠች፣ ማንኪያውን ወደ ቀኝ እጃቸው በኩል አዞረችላቸው፣ ወጣች። ቀጥሎ የሰማሁት የልጅቷን ጫማ ስታለብሳት ነው።

የላይኛው መንገድ ላይ ታክሲ አይገባም። አክስቴ ሉዝሜሪን እንደ ሕፃን አዝላ ቁልቁለቱን ሮጠች፣ የልጅቷ እግሮች ከጉልበቷ በታች እየተንዘላዘሉ፤ እኔ መታወቂያዋንና የክትባት ካርዷን ይዤ ከኋላ። ዶኛ ቴኦ ከበሯ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ብላ ጮኸች፣ የመለሰላት የለም። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ አገኘን። አክስቴ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኛቻት፣ የታሰረውን ክንድ በእጇ መዳፍ ደግፋ፣ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር ከፍ እያደረገችው። ሉዝሜሪ እንቅልፍ ወሰዳት። ረዳቱ የሆስፒታሉን ስም እየጠራ ሰው ይጭናል፣ በየፌርማታው እንቆማለን፣ አንድ ሰውዬ ከነዶሮው ገባ፣ ወረደ። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ።

«ማክሰኞ ለአባቴ ቻይሮ ወሰድኩለት» አለች አክስቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። «ጨው አነሰው አለኝ። ጨው አመጣሁለት። ረቡዕ ወሰድኩለት። ሐሙስ ወሰድኩለት፣ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩለት፣ ስለ አቧራው አወራን፣ ስለ ዳቦ ዋጋ አወራን።»

ከፊታችን ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። አንድም ጎማ አይንቀሳቀስም።

«አርብ ምሳውንም ወሰድኩለት» አለች። «ሳህኑን ሲመልስልኝ፣ ልጅሽ ትደግልሽ፣ ልጅሽ ትጡርሽ ብሎ መረቀኝ።»